የአዲፖኔክቲን መለኪያ ኪት ግምገማ፦ ቡድንን ያወዳድራል እንጂ ሰውን አይመረምርም

ስለ ውፍረትና ስኳር በሽታ የሚያጠና ተማሪም ሆነ ላብራቶሪ፣ የስብ ፕሮቲንን ከደም ለመለካት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ኪት አለ፤ አር ኤንድ ዲ ሲስተምስ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የሚያመርተው ኳንቲካይን የአዲፖኔክቲን ኤላይዛ። አዲፖኔክቲን ከስብ ሕዋስ የሚመነጭና ኢንሱሊን እንዲሠራ የሚያግዝ ፕሮቲን ነው፤ ኤላይዛ ደግሞ ፕሮቲንን በአንቲቦዲ ይዞ በቀለም የሚለካ ዘዴ። ፍርዳችን ከወዲሁ ይታወቅ። የወፈሩ ሰዎችን ካልወፈሩት፣ ስኳር ያለባቸውን ከሌለባቸው ጋር በቡድን ለማወዳደር ኪቱ አስተማማኝ ዕቃ ነው። አንድን ሰው ለይቶ «ስኳር አለብህ» ለማለት ግን አይሆንም፤ አምራቹም ለጥናት ብቻ ብሎ ነው የሚሸጠው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ኪቱ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስብ ለረጅም ጊዜ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጉልበት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌፕቲንን፣ ከስብ ወደ አንጎል የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰውን ሆርሞን፣ ሲያገኙ ነው። በ1995 እና በ1996 ደግሞ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አዲፖኔክቲንን አገኙ። ሁለቱም ከስብ ሕዋስ ይመነጫሉ፤ ስብ ሲበዛ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ሌፕቲን ከስቡ ጋር አብሮ ይጨምራል፣ አንጎል ግን መልእክቱን መስማት ያቆማል። አዲፖኔክቲን ግን፣ ፋብሪካው ሰፍቶ እያለ፣ ምርቱ ይቀንሳል።

ነገሩ ግራ ቢመስልም ምክንያት አለው። የስብ ሕዋስ ከልክ በላይ ሲያብጥ ኦክስጅን ያጥረዋል። ፕሮቲን የሚታጠፍበትና የሚገጣጠምበት የሕዋሱ ክፍል ይጨናነቃል። ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት መጥተው ይሰፍሩበታል፤ ከዚያ አካባቢ የሚወጣው ቲ ኤን ኤፍ አልፋ የተባለ የብግነት ፕሮቲን የአዲፖኔክቲንን ጂን ያፍናል። ይኸው ቲ ኤን ኤፍ አልፋ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ እንደሚበዛና የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያውክ የታየው በ1993 ነው። ስለዚህ የአዲፖኔክቲን ቁጥር ስለ ስቡ ጤንነት የሚናገረው ስለ ብዛቱ ከሚናገረው ይበልጣል። ኪቱን ለስኳር ጥናት ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው።

ልዩነቱ ግን ምን ያህል ነው? በ2000 በጃፓን ተመራማሪዎች የወጣውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ጥናት ለወንዶች በአማካይ 6.6 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ስኳር ላለባቸው፣ 7.9 ደግሞ ለሌለባቸው አስቀምጧል። ለሴቶች 7.6 እና 11.7 ነበር። አማካዩ ይለያል፤ የግለሰቦቹ ቁጥር ግን በሰፊው ይደራረባል። በደም ውስጥ ከ3 እስከ 30 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር የሚደርስ መጠን በሚገኝበት ሁኔታ 7 ያለው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ስኳር ያለባት ሴትና ስኳር የሌለበት ወንድ ጎን ለጎን ቢለኩ ቁጥራቸው አንድ አካባቢ ሊሆን እንደሚችል ከላይ ያሉት አኃዞች ራሳቸው ያሳያሉ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ናሙና የሚጫንበት የፕላስቲክ ሳህን፣ ፕሌቱ፣ 96 ጉድጓድ ያለው ሲሆን ፕሮቲኑን የሚይዘው አንቲቦዲ አስቀድሞ ተለጥፎበት ይመጣል። ባለ 8 ጉድጓድ 12 ስትሪፕ ስለሆነ የሚፈለገውን ያህል ነቅሎ መጠቀም ይቻላል። ብዙ ሰው ሲያዝዝ የሚሳሳተው «96 ጉድጓድ ማለት 96 ሰው ነው» ብሎ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ስታንዳርዱ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ የሚጫነው መጠኑ የታወቀ ፕሮቲን፣ ከ250 ጀምሮ በግማሽ በግማሽ እየቀነሰ እስከ 3.9 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር 7 ነጥብ ይሆናል፤ ከዜሮው ጋር 8። እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሲጫን 16 ጉድጓድ ይወስዳል። ሥራው መሳካቱን ማረጋገጫ የሆኑት ዝቅተኛና ከፍተኛ ኮንትሮል ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጨመሩ 4። የቀረው 76 ነው፤ ናሙናውም በሁለት ስለሚጫን 38 ሰው ብቻ ይገባል። ከእያንዳንዱ ቡድን 40 ሰው ያለው ጥናት በሁለት ኪት አያልቅም፤ 38 ሰው ካደረጋችሁት ግን በልኩ ያልቃል። ይህን የገንዘብ ጥያቄ የጥናቱ ዕቅድ ሲጻፍ እንጂ ኪቱ ከመጣ በኋላ መፍታት አይቻልም።

ደሙ በስታንዳርዱ ክልል ውስጥ እንዲነበብ 100 ጊዜ መቅጠን አለበት፤ 10 ማይክሮ ሊትር ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) በ990 ማይክሮ ሊትር ማቅጠኛ። ይህ በጠቅላላ ሥራው ውስጥ ስህተት በቀላሉ ከሚፈጠርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሴረም ወፍራም ነው፤ በፒፔቱ ጫፍ (ቲፑ) ውጫዊ ጎን ላይ የተንጠለጠለች ጠብታ 10ሩን 12 ታደርገዋለች፣ ያም በመጨረሻው ቁጥር ላይ 20 በመቶ ይጨምራል። ቲፑን ከፈሳሹ በታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ጎኑን በጨርቅ ጥረጉ፣ ማቅጠኛው ውስጥ ከለቀቃችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ለ38 ናሙና ብቻ ወደ 38 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ይፈጃል፤ ስለዚህ «በ20 ማይክሮ ሊትር ብጀምር ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ትክክለኛነቱን ቢጨምርም ጠርሙሱን ሊያደርቀው ይችላል። በናሙናው መጠን ከመጫወት በፊት ያለውን ፈሳሽ ለኩ። በቧንቧ ውኃ ወይም ባገኙት ሳላይን ማቅጠን ደግሞ ከስታንዳርዱ ጋር ያለውን ንጽጽር ያበላሻል።

ሥራው ራሱ አራት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። 100 ማይክሮ ሊትር አሴይ ዳይሉዌንት (ከኪቱ ጋር የሚመጣ ፈሳሽ) በየጉድጓዱ፣ ላዩ ላይ 50 ማይክሮ ሊትር ስታንዳርድ፣ ኮንትሮል ወይም የቀጠነ ናሙና፤ ሁለት ሰዓት በክፍል ሙቀት። አራት ጊዜ ማጠብ። 200 ማይክሮ ሊትር ኮንጁጌት (ኢንዛይም የተያያዘበት አንቲቦዲ)፤ ሌላ ሁለት ሰዓት። እንደገና አራት ጊዜ ማጠብ። 200 ማይክሮ ሊትር ሰብስትሬት (ኢንዛይሙ ሲነካው ቀለም የሚሰጥ ፈሳሽ)፣ 30 ደቂቃ፣ ከብርሃን ተጠብቆ። በመጨረሻ 50 ማይክሮ ሊትር ማቆሚያ አሲድ ሲገባ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ በ450 ናኖ ሜትር ይነበብና የ540 ወይም የ570 ንባብ ይቀነስለታል። የቀለም ማንበቢያ ማሽናችሁ (ሪደራችሁ) የ450 ማጣሪያ ብቻ ካለው ይሠራል፤ የፕላስቲኩ ጭረትና የጣት አሻራ ግን ከውጤቱ ጋር ይደመራል። ከእያንዳንዱ ኪት ጋር የሚመጣው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ይበልጣል፤ አምራቾች መጠን ስለሚለውጡ በእጃችሁ ካለው ሎት (የምርት ዙር) ጋር የመጣውን አንብቡ።

ማጠቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከሚበላሹት ፕሌቶች ብዙዎቹ እዚህ ነው የሚበላሹት። 20 ሚሊ ሊትር የማጠቢያ ኮንሰንትሬት በተጣራ ውኃ 500 ሚሊ ሊትር ይደረጋል። ከፍሪጅ ሲወጣ ክሪስታል ካለበት በክፍል ሙቀት ሟሙቶ እስኪያልቅ አትንኩት፤ ክሪስታሉ ከታች ቀርቶ ላዩ ከተቀዳ የምታጥቡት በውኃ ነው። በየጉድጓዱ 400 ማይክሮ ሊትር፣ አራት ጊዜ፣ 96 ጉድጓድ ሲባል ለአንድ ዙር ወደ 154 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለቱ ዙር 307 ሚሊ ሊትር ነው። በማሽን ከሆነ ይተርፋል፤ በእጅ በሚረጭ ጠርሙስ ከሆነ ብዙ ስለሚፈስ ሊያጥር ይችላል። ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ፕሌቱን ገልብጣችሁ በንጹሕ ወረቀት ላይ ደህና አድርጋችሁ ምቱት። የቀረ ፈሳሽ ቀጥሎ የሚገባውን ያቀጥናል፤ ያልታጠበ ኮንጁጌት ደግሞ የዜሮውን ጉድጓድ ሳይቀር ሰማያዊ ያደርገዋል። ዜሮው ከፍ ብሎ ሁሉም ጉድጓድ ከቀለመ ጥፋቱን ከሴረሙ በፊት ማጠቢያው ላይ ፈልጉት።

በተቃራኒው ምንም ቀለም ካልወጣ? ሶዲየም አዛይድ ያለበት ናሙና ወይም በፈር ተጠቅማችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከባክቴሪያ ለመጠበቅ የሚጨመረው አዛይድ ቀለሙን የሚሰጠውን የፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይም ይገድለዋል። ሌላው ሰብስትሬቱ ነው። ኤ እና ቢ ተብለው የመጡት ሁለት ጠርሙሶች እኩል ለእኩል ሊጠቀሙ 15 ደቂቃ ሲቀር ብቻ ይቀላቀላሉ። ጠዋት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ሥራ ማቅለል ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ፕሌቱ ላይ ሲጨመር ግን ራሱን የቀየረ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል።

ውጤቱ ሲሰላ በቀጥታ መስመር አታስኪዱት። የኤላይዛ ኩርባ ላዩና ታችኛው ጫፍ ላይ ይታጠፋል፤ ባለ አራት ፓራሜትር ሎጂስቲክ የሚባለውን ስሌት ተጠቀሙ፣ አብዛኛው የሪደር ሶፍትዌር አለው። 72 ናኖ ግራም ከተነበበ 100 ሲባዛ 7,200 ናኖ ግራም፣ ማለትም 7.2 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ነው። የተማሪዎች ሠንጠረዥ ላይ «0.07 ማይክሮ ግራም» ሲታይ ማቅጠኑ ሳይባዛ መቅረቱ ወዲያው ይታወቃል። ሁለቱ ጉድጓዶች እርስ በርስ ከ15 በመቶ በላይ ከተራራቁ አማካይ ወስዶ ማለፍ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ ናሙናው ይደገም። ከ250 በላይ የወጣም በግምት አይሞላም፤ ይበልጥ ቀጥኖ ይደገማል።

ኪቱ የሚነቀፍበት ዋና ነገር የሚለካው ጠቅላላ አዲፖኔክቲንን መሆኑ ነው። ይህ ፕሮቲን ደም ውስጥ የሚዞረው በሦስት፣ በስድስት፣ እንዲሁም ከዚያ በላይ ተጣምሮ በከባድ ሞለኪውል መልክ ነው። ከኢንሱሊን ሥራ ጋር ይበልጥ የተያያዘው ከባዱ ነው፤ በስኳር በሽታ የሚጎድለውም በተለይ እሱ ነው፤ ምክንያቱም መገጣጠሚያው ክፍል የተጨናነቀ ሕዋስ ትንንሹን መላክ ቢችል እንኳ ትልቁን ሰርቶ ለመጨረስ ይቸገራል። ጠቅላላውን የሚለካው ኪት ይህን አይለይም። ያው አምራች ለከባዱ ቅርጽ የተለየ ኪት ይሸጣል። ጥያቄያችሁ «ውፍረት ያላቸው ግን ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ስኳር ካለባቸው በምን ይለያሉ?» ከሆነ ገንዘቡን ወደ ከባዱ ማዞር የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ወፍራምና ቀጭን ብቻ ለማወዳደር ጠቅላላው ይበቃል።

ከአዲፖኔክቲን ጎን አብሮ የሚገዛው የሌፕቲን ኪት ነው። የስታንዳርዱ ክልል ከ15.6 እስከ 1,000 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር ሲሆን ሴረሙ እዚህም 100 ጊዜ ይቀጥናል። አጠቃቀሙ ተመሳሳይ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። አዲፖኔክቲን ምግብ በልተውም ሳይበሉም ብዙ አይንቀሳቀስም። ሌፕቲን ሌሊት ይጨምራል፣ ሰው አንድ ሁለት ቀን ሲጾም ስቡ ሳይቀንስ እሱ ይወርዳል። ደም የሚወሰደው በጠዋት፣ ከሌሊት ጾም በኋላ፣ ለሁሉም ተሳታፊ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ወቅት የተጀመረ ጥናት ከፍስክ ወቅት ናሙና ጋር ሲቀላቀል የሌፕቲኑ ልዩነት ከበሽታው ይሁን ከጾሙ መለየት ያስቸግራል። ሴቶች በተመሳሳይ ክብደት ከወንዶች በጣም የላቀ ሌፕቲን ስላላቸው ጾታን ሳይለዩ መተንተን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የሚብሰው ስህተት ናሙናዎቹን በፕሌት ላይ የመደርደር ነው። ስኳር ያለባቸውን በአንድ ፕሌት፣ ጤነኞቹን በሌላ ፕሌት መጫን ለሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን በፕሌቶቹ መካከል ሊኖር የሚችለው የ10 በመቶ ያህል ልዩነት የበሽታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። የሚፈለገው ልዩነት ራሱ ትንሽ መሆኑን ከላይ አይተናል። ሁለቱም ቡድኖች በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ተቀላቅለው ይጫኑ፣ አንድ የጋራ ሴረም ደግሞ በሁሉም ፕሌት ላይ ይደገም፤ እሱ ሁለት ጉድጓድ ሲወስድ ከ38ቱ ሰው 37 ብቻ ይገባል። የታካሚው መድኃኒትም ይመዝገብ። ፒዮግሊታዞን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አዲፖኔክቲኑ ይጨምራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ከፍ ይልበታል። ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውም ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ናቸው። እነዚህን ሳይለዩ «ስኳር በሽተኞች» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት አንዱ የሚያወርደውን ሌላው እንዲያነሳው ማድረግ ነው።

ይህ ለአገራችን ጥናት የተለየ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ውፍረት የሌለባቸው፣ እንዲያውም የከሱ የስኳር ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ዓይነት በ2025 በዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ተብሎ ታውቋል። ከአውሮፓና ከእስያ የተወሰደው «ስኳር ካለ አዲፖኔክቲን ዝቅ ይላል» የሚለው አባባል በአብዛኛው በወፍራም ታካሚ ላይ የተመሠረተ ነውና እዚህ ያለ ፍተሻ አይሠራም። ክብደትና ወገብ ሳይለካ ፕሮቲን ብቻ መለካት ምንም አይጠቅምም።

ስለ ሌሎቹ የስብ ፕሮቲን ኪቶች አጭር ነገር እንበል። ሬዚስቲን በአይጥ ከስብ ሕዋስ ይመጣል፤ በሰው ግን በዋናነት ከማክሮፌጅ ስለሚመጣ የስብ መለኪያ ብሎ መግዛት ስህተት ነው። ቪስፋቲን ኢንሱሊንን ይመስላል ያለው የ2005 ጽሑፍ በ2007 ከኅትመት ተነሥቷል፤ ኪቱ አሁንም ይሸጣል፣ በዚያ ሐሳብ ላይ ግን ጥናት አትገንቡ።

ጥያቄያችሁ ደሙ ሳይሆን ስቡ ራሱ ከሆነ ይህ ኪት አይደለም መልሱ። በውፍረትና በስኳር የስብ ሕዋስ ግሉኮስ የሚያስገባበት ግሉት 4 የተባለ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ጡንቻ ውስጥ ግን መጠኑ ያን ያህል አይጎድልም። ይህን የሚያሳየው ከስቡ የተወሰደ ናሙና ነው። የስብ ናሙና አብዛኛው ዘይት ስለሆነ ከ100 ሚሊ ግራም የሚገኘው ፕሮቲን ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነው። ቁራጩ በቀዝቃዛ ፒ ቢ ኤስ (ጨዋማ የላብራቶሪ ፈሳሽ) ከደም ይታጠብ፤ አለበለዚያ የምትለኩት አልቡሚንና ሄሞግሎቢን ነው። ከተፈጨ በኋላ በ4 ዲግሪ ሲሽከረከር ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ መካከለኛውን ብቻ ሳቡ፣ እስኪጠራ ድገሙት። ዘይት የቀረበት ናሙና የፕሮቲን መጠን መለኪያውን ያሳስታል። ለማወዳደሪያ አክቲን ወይም ጋፕዲ ኤች የተባሉትን የሕዋስ ፕሮቲኖች መጠቀም በስብ ላይ አይመከርም፤ ከውፍረትና ከኢንሱሊን ጋር ራሳቸው ይለዋወጣሉ፤ የጠቅላላ ፕሮቲን ማቅለሚያ ይሻላል።

ኪቱን ከውጭ ለሚያስመጣ ላብራቶሪ የመጨረሻው ፈተና ቅዝቃዜው ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ በረዶ ቤት ውስጥ አይገባም። ዓርብ ማታ ቦሌ የሚደርስ ጭነት እስከ ሰኞ የመቆየት ዕድል ስላለው በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲደርስ እዘዙ፣ የጉምሩክ ወረቀቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ። ሴረሙ ተወስዶ 30 ደቂቃ ከረጋና በ1,000 ጂ ለ15 ደቂቃ ከተሽከረከረ በኋላ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 20 ወይም ከዚያ በታች ይቀመጥ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀልጦ የሚረጋ ናሙና ለጥናት አይሆንም፣ ራሱን በራሱ በረዶ የሚያራግፍ የቤት ፍሪዘርም እንዲሁ። ሪደሩ በዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ አሲዱ ከገባ በኋላ ያላችሁ 30 ደቂቃ ነው። የተረፈውን ስትሪፕ ከእርጥበት መምጠጫው ጋር ወደ ፎይሉ መልሳችሁ በደንብ ዝጉ፤ በፍሪጅ እስከ አንድ ወር፣ የኪቱ ጊዜ ካላለፈ፣ ይቆያል።

ለራሱ ጤና ብሎ «የስብ ሆርሞን ምርመራ» ለመክፈል የሚያስብ ሰው ካለ፦ በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የደረሰ ስኳር ወይም 6.5 በመቶ የደረሰ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ (የወራት አማካይ ስኳርን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ በድጋሚ ሲረጋገጥ፣ ስኳር በሽታ እንዳለበት ይነግረዋል። ለስቡ ደግሞ ሜትር ይበቃል፤ በዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን መለኪያ ለአፍሪካውያን የሚሠራበት ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ወገብ ነው።